የጅቡቲ ከተማ ውኃና የብርሃን ኀይል

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሳይንስ ትምህርት በማስተምርበት ክፍል፣ ስለ ኵላሊት ሥራ ስንነጋገር አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የዋጥነው መድኃኒት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በሽንት ይወጣል» አልሁት። «ከዚያስ በኋላ?» አለኝ። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ በዚያን ዕለት የሚበቃ መልስ አልነበረኝም፤ ደወሉ ስለ ተደወለ ከኀፍረት አዳነኝ። ለማኅበራችን የመታሰቢያ መጽሐፍ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ትዝ አለኝና፣ መልሱን በጅቡቲ ከተማ የውኃ ታሪክ ውስጥ ልፈልገው ተነሣሁ። ጅቡቲን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ በጠብታ የሚቈጠርባት፣ የፀሐይ ብርሃን ግን ከሚፈለገው በላይ የሚፈስባት ከተማ ናት፤ ከምትጠጣውም ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከእኛው አገር ከርሠ ምድር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ከተሞች የሚቈረቈሩበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ከጠላት ለመጠበቅ በአምባ ላይ ይተከላል፤ አንዳንዱ በገበያ መንገድ መገናኛ ላይ ይበቅላል። ጅቡቲን ያቆሟት ግን መርከብ የሚያስጠልል ባሕርና አንድ ደረቅ ወንዝ ናቸው። ፈረንሳዮች ቀድሞ የያዙት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ያለውን ኦቦክን ነበር። የመሬቱን መብት በ1862 በውል ተቀበሉ፤ በ1884 ሌዮንስ ላጋርድ የተባለው ሹም መጥቶ ተቀመጠበት። ነገር ግን ኦቦክ ለመርከብም ለሲራራ ነጋዴም የማይመች ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ላጋርድ በ1888 ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ ወዳለው የጅቡቲ ምድር ተሻገረ። በ1896 የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ በይፋ ጅቡቲ ሆነች። በዚህ ስፍራ ወደቡ ደኅና ነው፤ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚያወጣው መንገድም ቅርብ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከከተማይቱ አጠገብ የአምቡሊ ወንዝ አለ።

ወንዝ ማለቴ ለደገኛ አንባቢ ሊያሳስት ይችላል። አምቡሊ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። በጅቡቲ በዓመት የሚዘንበው ዝናም በአማካይ ከ150 ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም፤ የአዲስ አበባው ከ1,000 በላይ መሆኑን ብናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ሆኖም በተራራው ላይ ድንገት ሲዘንብ ደረቁ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል። በሚያዝያ ወር 2004 የወረደው ጎርፍ ቤት ጠርጎ ብዙ ሰው ገድሏል። ይኸው ነፍሰ ገዳይ ጎርፍ ግን የከተማይቱ ሞግዚትም ነው፤ ወደ አሸዋውና ወደ ተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ዘልቆ የከርሠ ምድሩን ውኃ የሚሞላው እርሱ ነውና። የመጀመሪያዎቹ ጕድጓዶች በአምቡሊ ተቈፈሩ፤ በዙሪያቸውም የቴምር ዛፍና የአትክልት ስፍራ ለመለመ። ከ1897 ጀምሮ የምድር ባቡሩ ሥራ ሲጀመር የውኃው ፈላጊ በዛ። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ከግመል ይልቅ ይጠማል፤ ግመል ቀናትን ሲታገሥ ባቡሩ በየጣቢያው ካልጠጣ አይንቀሳቀስም። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከተማይቱም ከጕድጓዶቿ ጋር አብራ አደገች።

እዚህ ላይ ለማስተማር የሚጠቅም አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። በባሕር ዳር አገር የዝናሙ ጣፋጭ ውኃ ከባሕሩ ጨዋማ ውኃ ስለሚቀል፣ ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ከመሬት በታች በላዩ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። የጣፋጩ ውኃ ደረጃ ከባሕሩ ወለል በላይ አንድ ሜትር ቢሆን፣ ከታች ወደ 40 ሜትር ያህል ጨዋማውን ገፍቶ ይይዛል። እንግዲህ ጕድጓድ ቈፋሪው ከላይ አንድ ሜትር ቢያጐድል፣ ከታች ባሕሩ ወደ 40 ሜትር ወደ ላይ ይነሣል ማለት ነው። በጅቡቲ የሆነው ይኸው ነው። ሕዝቡ በዛ፤ በ2009 የሕዝብ ቈጠራ በከተማይቱ ብቻ 475,000 ያህል ሰው ተቈጠረ። ጕድጓዱም ከዝናሙ ምላሽ በላይ ተቀዳ፤ ውኃውም እየጨየመ ሄደ። ጅቡቲ ተቀምጦ የመጣ ሰው የሻዩን ጣዕም ሲያነሣ፣ ስኳሩ ሳይሆን ጨዉ እንደሚታወሰው ሰምቻለሁ።

ለዚህ ችግር በዘመናችን ሁለት ታላላቅ መፍትሔዎች ተገኙ። አንደኛው ከኢትዮጵያ ጋር የተደረገው ስምምነት ነው። በ2013 በተደረገው ውል መሠረት፣ በሶማሌ ክልል በሐደጋላ አካባቢ ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ እንዲወርድ ተወሰነ። ሥራው በ2015 ከቻይና በተገኘ ብድር ተጀመረ፤ የታቀደውም በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለማውረድ ነው። ሁለተኛው በ2021 በዶራሌ የተመረቀው፣ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ የተሠራው ከባሕር ውኃ ጨውን የሚለይ ጣቢያ ነው። ኀይሉ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ወደ እጥፍ ሊያድግ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህም የከተማይቱ የውኃ ታሪክ እስከዚህ ድረስ የመግባት ታሪክ ነው፤ ውኃ ከየት ይምጣ የሚል። ከጽዋ በኋላ ስላለው ግን ጥቂቶች ጻፉ። ወደ ከተማ የገባ ውኃ ሁሉ ይወጣል፤ ሲወጣም ብቻውን አይወጣም።

አሁን ወደ ሠልጣኙ ጥያቄ እመለሳለሁ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በለንደን ፔኒሲሊንን አገኘ። ፍሎሪና ቼይን ከ1940 ጀምሮ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አደረጉት። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን፣ በ1947 ክሎራምፌኒኮል ተገኙ፤ ወዲያውም እነቴትራሳይክሊን ተከተሉ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሰው የሳንባ ምችን፣ የታይፎይድንና የቍስልን ሞት የሚያስቀር መሣሪያ አገኘ። ይህን ስጦታ ማቃለል አይገባም፤ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን በእርሱ ተርፈናል! ነገር ግን ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለ ጊዜ፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች የሚወስድ ሰው ጀርሞቹን ሳይገድል ያስለምዳቸዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን እናውቃለን። የቴትራሳይክሊንን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን በቍስል ላይ የማይነሰንስ ቤት በልጅነቴ አላየሁም፤ ሕመሙ ሲሻለው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ለጎረቤት ልጅ የሚያውስ ደግ ሰውም በየሰፈሩ ነበር፤ ዛሬም አለ።

በሰውነታችን ውስጥ መድኃኒቱ ሁሉ አይሰባበርም። ከሚዋጠው አሞክሳሲሊን ከግማሽ በላይ፣ ከሲፕሮፍሎክሳሲንም ግማሽ ሊሞላ የሚቃረበው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ለከብቶች የሚሰጠውም እንደዚሁ ነው። ከዚያም በቧንቧ ወይም በቦይ ወርዶ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ይገባል። ለብዙ ዘመን ይህን ያየ አልነበረም፤ መጠኑ በአንድ ሊትር ውስጥ የግራም ሚሊዮንኛ እጅ ስለ ሆነ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረምና። በ1999 እና በ2000 የአሜሪካ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት በ139 ወንዞች ላይ ምርመራ አድርጎ ውጤቱን በ2002 ሲያወጣ፣ ከመቶው ሰማንያ በሚሆኑት ውስጥ የመድኃኒትና የቤት ቅመሞች ርዝራዥ ተገኘ። በ2007 ደግሞ በህንድ አገር በፓታንቸሩ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚቀበል ማጣሪያ በወጣ ውኃ ውስጥ፣ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተለካ። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው የሚበልጥ ነው።

ነገሩ ሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በ2022 የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት አለ። በእንግሊዝ አገር ከዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ይህ ጥናት በ104 አገሮች በ258 ወንዞች ላይ የመድኃኒት ርዝራዥን መረመረ። በአማካይ ከፍተኛው መጠን የተገኘው በፓኪስታን በላሆር፣ ሁለተኛው በቦሊቪያ በላ ፓዝ ሲሆን፣ ሦስተኛይቱ አዲስ አበባ ናት፤ የልዩ ልዩ መድኃኒቶች ድምር በሊትር 51 ማይክሮግራም ያህል። ይህ ድምር አንቲባዮቲክን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻውና የስኳር በሽታው መድኃኒት ሁሉ በውስጡ አሉበት። ቢሆንም ስሙ የእኛው ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዞች፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከአቃቂ የወጣው መድኃኒት አቤ ይደርሳል ማለቴ አይደለም፤ በዚያን ያህል መንገድ ብዙው በጭቃ ይያዛል፣ ከፊሉም በፀሐይና በጊዜ ይፈርሳል። የሐደጋላውም ውኃ ከጥልቅ ጕድጓድ የሚቀዳ እንጂ የአዋሽ አይደለም። ነገር ግን የአንዱ አገር ውኃ ለሌላው እንዴት እንደ ታሰረ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ካርታ በክፍሌ ግድግዳ ላይ የለኝም።

በውኃ ውስጥ ያለው አነስተኛ መድኃኒት ሰውን በአንድ ቀን አይመርዝም፤ አደጋው እዚያ ላይ አይደለም። አደጋው በፍሳሹ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀመሱ መልመዳቸው ነው፤ የለመደውም ያልለመደውን ያስተምራል፤ የመቋቋምን ባሕርይ አንዱ ለሌላው የማስተላለፍ ችሎታ አላቸውና። መድኃኒት በተላመዱ ባክቴርያዎች ምክንያት በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። እንደ ጅቡቲ ባለች ከተማ፣ የታጠበው ውኃ ተጣርቶ ለአትክልት ቢውል ታላቅ ሀብት በሚሆንበት ስፍራ፣ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በዱዳ ያለው ዓይነት የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራው በሕያዋን ተሕዋስያን ነው፤ እነርሱም ቆሻሻውን በልተው ውኃውን ያጠሩታል። ከአንቲባዮቲክ ግን ብዙውን ዓይነት ለመብላት አይችሉም፤ ነገሩ እነርሱን ለመግደል የተሠራ ነውና ይህ አያስደንቅም። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ፈጽሞ አያጠፋም።

እነሆ ብርሃን ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

እናቶቻችን ነጠላ አጥበው በሣር ላይ በፀሐይ ሲያሰጡና ደጋግመው ውኃ ሲረጩበት፣ የኬሚስትሪን ሥራ ይሠሩ እንደ ነበር አያውቁም ነበር። ብርሃኑ፣ እርጥበቱና አየሩ ተባብረው የጨርቁን ብጫ ቀለም በኦክሲጅን ያቃጥሉታል፤ ነበልባል የሌለው ቃጠሎ ነው። በሳይንስ መንገድ ግን ነገሩ የተጀመረው በ1801 ሪተር የተባለው ጀርመናዊ ከሐምራዊው ብርሃን ባሻገር ዓይን የማያየው ጨረር መኖሩን ባሳየ ጊዜ ነው። ይህ ልዕለ ሐምራዊ ጨረር ይባላል። በ1877 ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ሊበሰብስ የሚችል ፈሳሽ በብርጭቆ ቧንቧ ሞልተው ከፊሉን ለፀሐይ ሰጡ፣ ከፊሉን ሸፈኑ። የተሸፈነው ተበላሸ፤ ፀሐይ ያየው ግን ጠርቶ ቆየ። ከዚህም ተነሥቶ በ1910 በማርሴይ ከተማ በሜርኩሪ መብራት የሚጠጣ ውኃ ለማንጻት ተሞከረ። በዚያ ዘመን ማርሴይ ለጅቡቲ የራቀች አልነበረችም፤ ወደ ማዳጋስካርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት የፈረንሳይ መርከቦች ከዚያ ተነሥተው በስዊስ አድርገው በጅቡቲ ወደብ ያርፉ ነበርና። ነገር ግን የማርሴዩ መብራት ቶሎ የሚበላሽና ውድ ስለ ነበረ ሥራው አልዘለቀም። ርካሹ ክሎሪን አሸነፈው።

ጀርምን በብርሃን መግደልና በውኃ ውስጥ የሟሟ መድኃኒትን በብርሃን ማፍረስ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ጀርም ለስላሳ ነው፤ የመድኃኒቱ ሞለኪውል ግን በጠንካራ ቀለበት የታሰረ ነው። ይህን ቀለበት የሚበጥስ መዶሻ በ1894 ፌንተን በተባለ የካምብሪጅ ኬሚስት እጅ ተገኘ። ፌንተን በወይን ፍሬ የሚገኘውን አሲድ ከጥቂት የብረት ጨውና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲያገናኘው፣ አሲዱ በብርቱ ኦክሲጅን ሲጠቃ አየ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በመድኃኒት ቤት ለቍስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ሲነካ የሚፋፋው ፈሳሽ ነው። ምክንያቱን ግን ፌንተን አልደረሰበትም። በ1934 ሀበርና ቫይስ እንደ ገለጹት፣ ብረቱ ፐርኦክሳይዱን ሲከፍለው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ቅንጣት ይወለዳል፤ ይኸውም አንድ ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጅን ሆነው አንድ ኤሌክትሮን የጐደላቸው ነው። የጐደለውን ለመሙላት ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል። ዕድሜው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በዚያች አፍታ የማይበጥሰው የመድኃኒት ቀለበት ጥቂት ነው። ሥራው እስከ መጨረሻው ከተተወለት መድኃኒቱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውኃና ወደ ጥቂት ጨው ይመለሳል። ፀሐይ በዚህ ላይ ስትጨመር፣ ሥራውን ጨርሶ የደከመውን ብረት እንደገና ታድሰዋለች፤ ስለዚህ ጥቂት ብረት ብዙ ይሠራል።

በዚያው ዘመን አካባቢ በቦሎኛ ቻሚቻን የተባለ ኢጣሊያዊ ፕሮፌሰር ብልቃጦቹን በሰገነት ላይ ለፀሐይ እየደረደረ ለዓመታት መረመረ። በ1912 በኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር፣ ወደ ፊት የጢስ ጭስ ማውጫ የሌለበት፣ በብርሃን የሚሠራ ኢንዱስትሪ በደረቅና በበረሃ አገሮች ይነሣል ብሎ ነበር። ቻሚቻን ያሰበው እንደ ጅቡቲ ያለውን ምድር እንደ ሆነ ለማመን አያስቸግርም።

ሁለተኛው መንገድ ከጃፓን መጣ። ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 ባወጡት ጽሑፍ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ብርሃን ሲያርፍበት ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ሊከፍል እንደሚችል አስረዱ። ይህ ዱቄት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የግድግዳ ነጭ ቀለም ይሠራበታል። በፀሐይ አገር እንዲህ ባለ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከጊዜ በኋላ እጅ ሲነካው እንደ ጠመኔ ዱቄት የሚያለብስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ዱቄቱ በብርሃን ኀይል የያዘውን ማጣበቂያ ራሱ ይበላዋል። በ1977 ፍራንክና ባርድ የተባሉ አሜሪካውያን በዚህ ዱቄትና በብርሃን ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በውኃ ውስጥ አፈረሱ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ላቦራቶሪዎች ሲፕሮፍሎክሳሲንም፣ ቴትራሳይክሊንም፣ ሰልፋሜቶክሳዞልም በዚሁ መንገድ ተፈትነው ፈረሱ። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም፤ ለውጡን ያፋጥናል እንጂ በለውጡ ውስጥ አይጠፋም።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሜዳ ላይ የዋለው ሥራ ግን ከታሰበው ያነሰ ነው። በስፔን በአልሜሪያ የፀሐይ ምርምር ጣቢያ ብርሃንን በሚሰበስቡ መስታወቶች ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ተፈትኗል። በሆላንድ በአንዳይክ ከ2004 ጀምሮ፣ በካሊፎርኒያ በኦሬንጅ አውራጃ ከ2008 ጀምሮ ልዕለ ሐምራዊ መብራትና ፐርኦክሳይድ በታላቅ ማጣሪያ ውስጥ ገቡ። የስዊስ መንግሥት ከ2016 ጀምሮ ለተመረጡ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ርዝራዡን የማስወገድ ግዴታ ጣለ፤ በዚያ ግን የተመረጡት ኦዞንና የከሰል ዱቄት እንጂ ፀሐይ አይደለችም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ሕግ ከወጪው ቢያንስ ሰማንያ በመቶውን መድኃኒትና የመዋቢያ ቅባት ሠሪዎቹ እንዲከፍሉ አዘዘ። ስለ ገንዘቡ የሚለው ከኬሚስትሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። መድኃኒቱን ሠርቶ የሸጠው ፋብሪካ በሩቅ አገር ሲሆን፣ የጅቡቲ ማዘጋጃ ቤት ከማን ያስከፍላል? በአዲስ አበባስ?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት በጅቡቲ ቢተከል ይበቅላልን? ፀሐዩ አለ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ይሁንና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀመው ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ የሆነውን ልዕለ ሐምራዊውን ነው፤ ሌላው ይባክናል። መብራት ቢተከልለት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ብዙውን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከኢትዮጵያ የውኃ ኀይል ነው፤ በ2023 በጉቤት የነፋስ ኀይል ጣቢያም ተመርቆላታል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው እንቅፋት ግን የታሪኩ መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ጨው ነው። ሃይድሮክሲል ራዲካል መድኃኒቱን ከጨው ለይቶ አያውቅም። በውኃው ውስጥ ክሎራይድ ሲበዛ መዶሻው ሁሉ በጨው ላይ ያልቃል፤ በምትኩም የሚወለደው የክሎሪን ቅንጣት ደካማ ከመሆኑ በላይ፣ ከቆሻሻው ጋር ተዋሕዶ ሌላ የማይወደድ ቅመም ሊሠራ ይችላል። ከድንጋይ የሚሟሟው ባይካርቦኔትም እንዲሁ መዶሻውን ይሰርቃል። በብረት የሚሠራው መንገድ ደግሞ ውኃው ኮምጣጣ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ከሥራው በኋላ ያንን መልሶ ማለዘብና የብረቱን ዝቃጭ ማውጣት ያስፈልጋል። አልፎ አልፎም ሥራው በግማሽ ከቆመ፣ የተሰበረው የመድኃኒት ስባሪ አሁንም ጀርም የመግደል ኀይል ሊኖረው ይችላል፤ በግማሽ የተሠራ ከቶ ካልተሠራው ብዙ አይሻልም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የከተማይቱን ፍሳሽ ሁሉ በብርሃን እናጥራ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ብርሃኑ የሚሠራው መድኃኒቱ ብዙ፣ ውኃው ጥቂት በሆነበት ስፍራ ነው። ይኸውም በሆስፒታል ነው። የሆስፒታል ፍሳሽ ከሌላው የከተማ ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል፣ በመጀመሪያ በሕያዋን ተሕዋስያን ከተጣራ በኋላ በብርሃን ጐዳና እንዲያልፍ ቢደረግ፣ ሥራው በአንድ ግቢ ውስጥ የሚፈጸም ይሆናል። ጨዉም ቢሆን ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ከሐደጋላ የሚመጣው ውኃና በዶራሌ ጨዉ የሚለየው የባሕር ውኃ የከተማይቱን ቧንቧ እያለዘቡት ሲሄዱ፣ ፍሳሹም ከቀድሞው ይልቅ ጨው እየቀነሰው ይሄዳል። የሚጠጣውን ውኃ ለማጣፈጥ የተደረገው ድካም ሳይታሰብ የሚወጣውንም ለብርሃን ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ይህን ግንኙነት ያሰበ መሐንዲስ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን በክፍል ውስጥ ጥያቄውን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስንዘረዝር ነው ያስተዋልሁት።

ያ ሠልጣኝ ጥያቄውን ካነሣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከክፍሉ ጋር አንድ ትንሽ ሙከራ አደረግን። ሦስት ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ወስደን በሁሉም ውስጥ ከላቦራቶሪ ያገኘነውን ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም፣ ጥቂት የብረት ጨው፣ ጥቂት ጠብታ አሲድና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፐርኦክሳይድ አገባን። በአንደኛው ላይ ብቻ ሁለት እፍኝ የገበታ ጨው ጨመርንበት። ጨው የሌለበትን አንዱን በቁም ሣጥን ቈለፍንበት፤ ሁለቱን፣ ጨዋማውንና ጨው የሌለበትን፣ በመስኮት ደፍ ላይ ለፀሐይ ሰጠናቸው። ውጤቱ በዓይን የተፈረደ ነው እንጂ በመሣሪያ የተለካ አይደለም። ጨው የሌለበትና ፀሐይ ያየው ከሁሉ ቀድሞ ነጣ። በቁም ሣጥን ያደረው ዘገየ። ጨዋማው ግን ፀሐይ እያየው ሰማያዊነቱን ይዞ ቆየ፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጥበቃው በማግሥቱ እንዳይደፋው «አይነካ» የሚል ወረቀት ለጥፈንበት ሄድን።